እስስት ለማሳደግ ምን ያህል ቦታ ይበቃል?

በአማርኛ አንድን ሰው «እስስት» ካሉት በቃ፣ ስሙ ጠፋ ማለት ነው። ትናንት የማለበትን ዛሬ የሚክድ፣ ከመጣው ሁሉ ጋር የሚመሳሰል፣ ልቡ የማይታወቅ ሰው። ፖለቲከኛው ለተቀናቃኙ ይለዋል፤ የተጣሉ ፍቅረኞች በፌስቡክ ይወራወሩበታል። ስድቡን ያወጣው ሰው ግን እንስሳዋን ቁጭ ብሎ ያየ አይመስለኝም። አንዲትን እስስት ለጥቂት ቀናት በቅርብ የተመለከተ ሰው የሚታዘበው ተቃራኒውን ነው፤ ስሜቷን መደበቅ የማትችል ፍጥረት ናት። ሲበርዳት ትጠቁራለች። ስትፈራና ስትናደድ ነጠብጣብና ዥንጉርጉር ታወጣለች። ተረጋግታ ስትቀመጥ ቅጠልያ ትሆናለች። ሌሊት ስትተኛ ትነጣለች። እኛ ፊታችን ላይ የሚነበበው ነገር እሷ መላ ቆዳዋ ላይ ነው የሚወጣው።

ይህን ለማየት ምክንያት የሆነኝ የእህቴ ልጅ ነው። 9 ዓመቱ ነው፤ ሀዋሳ ውስጥ ከታቦር ተራራ ብዙ በማይርቅ ሰፈር አብረን እንኖራለን። ሐምሌ ላይ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ከፊት ለፊታችን ያለው ግቢ የቁጥቋጦ አጥሩን በብሎኬት ሊቀይር አስቆረጠው። ቅርንጫፉ ተጎትቶ መንገድ ላይ ሲከመር ልጆቹ ከውስጡ አንዲት ትንሽ እስስት አገኙ። ጅራቷ ተጨምሮ የአመልካች ጣቴን ብታህል ነው። ልጁ ሃይላንድ ውስጥ ከቷት፣ ክዳኑን በምስማር በስቶ፣ ይዟት መጣ።

«አጎቴ፣ ላሳድጋት?»

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ከበራቸው ላይ ሆነው «ውይ! አርቁልኝ ከዚህ፣ መርዝ ናት!» ብለው ጮኹ። ይህ ፍርሃት የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ እኔም ልጅ እያለሁ እንዲሁ ነው የተነገረኝ። እስስት ግን መርዝ የላትም። የትኛዋም ዝርያ የላትም። አፏን ከፍታ፣ ሰውነቷን ነፍታ «እስስ» ስትል ታስፈራለች፤ ያላት መከላከያም ያው ማስፈራራት ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ምናልባት ትነክስ ይሆናል፤ ይህችን የምታህለው ደግሞ ብትነክስም ጣት አትበሳም። እና ለልጁ «ካገኘህበት መልሳት» ብቻ ብዬ ልገላገል አልቻልኩም። ያገኛት ቦታ ተቆርጦ መንገድ ላይ ተከምሯል፤ ክምሩ ዙሪያ ደግሞ ድንጋይ የያዙ ልጆች ቆመዋል።

ልጁ ቀድሞኝ ዩቲዩብ ገብቷል። አሜሪካ ያለ አንድ ወጣት ከራሱ ቁመት የሚተካከል ቤት ለእስስቱ ሠርቶ፣ አምፖል አንጠልጥሎ፣ ጭጋግ የሚረጭ ማሽን ገጥሞ ያሳያል። «እኛም እንሥራላት» አለ። እሺ፣ እንሥራላት፤ ግን መጀመሪያ ምን እንደሚያስፈልጋት እንጻፍ አልኩት። ደብተር አመጣ። ከዚህ በታች ያለው በዚያ ደብተር ላይ የሰፈረው ነው፤ እኔ ትንሽ አብራርቼዋለሁ።

አንደኛ፣ ቤት። መስታወት ሳጥን ለዓይን ያምራል፤ ለእስስት ግን ብዙ ጊዜ የሚሻለው በወንፊት የተሠራ ቤት ነው። አየር የማይዘዋወርበት እርጥብ ቦታ ላይ ስትቆይ ሳንባዋ ይታመማል። መስታወት ላይ የራሷን ምስል ካየች ደግሞ ሌላ እስስት የመጣባት ይመስላትና ቀኑን ሙሉ ስትጨነቅ ትውላለች። ቤቱ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ መርዘም አለበት፤ የዛፍ እንስሳ ናትና ደህንነት የሚሰማት ከፍ ብላ ስትቀመጥ ነው። መሬት ላይ ያለ ቤት ውስጥ ከላይ ቁልቁል የሚያያት ሰው ሁሉ ለእሷ አሞራ ነው። በዓለም ላይ በብዛት ቤት ውስጥ ለሚያድጉት ዝርያዎች፣ ለአዋቂ እስስት የሚመከረው ልክ ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 60፣ ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለጨቅላ ግን ያነሰ ይሻላል፤ ቤቱ በጣም ከሰፋ የሚቀርብላትን ነፍሳት ፈልጋ ማግኘት ያቅታታል።

ውስጡ ባዶ መሆን የለበትም። እግሯ እንደ ጉጠት ነው የተሠራው፤ ጣቶቿ ሁለትና ሦስት ሆነው ተጣብቀው ፊትና ኋላ ይጨብጣሉ። ስለዚህ ልሙጥ ነገር ላይ አትቆምም፤ የምትጨብጠው ቀጭን ቅርንጫፍ ትፈልጋለች፣ የተወሰነው አግድም፣ የተወሰነው ሰያፍ። በዚያ ላይ ቅጠሉ የበዛ ሕያው ተክል በሥሩ ይቀመጥላታል፤ ስትፈራ የምትሸሸግበት ካጣች ምግብ ትተዋለች።

ሁለተኛ፣ ብርሃን። ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። እስስት አጥንቷን ለመገንባት ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ ካልሲየሙ ሰውነቷ ውስጥ እንዲገባ ደግሞ ቫይታሚን ዲ3፤ ዲ3ን ቆዳዋ የሚሠራው ከፀሐይ በሚመጣው ዩቪቢ በሚባለው ጨረር ነው። ይህ ጨረር በተራ የመስኮት መስታወት አያልፍም። ስለዚህ መስኮት ዳር ቁጭ ያለች እስስት ሞቋት፣ ብርሃን ለብሳ፣ አጥንቷ እየለሰለሰ ይሄዳል። እግሯ ይጎብጣል፣ መንጋጋዋ ይላላል፣ በመጨረሻ ምላሷን መወርወር ያቅታታል። በፍጥነት የምታድግ ጨቅላ ላይ ደግሞ ጉዳቱ በሳምንታት ውስጥ ይታያል። ውጭ አገር ያሉ አሳዳጊዎች ለዚህ ልዩ አምፖል ይገዛሉ፤ አምፖሉም እየበራ እንኳ ጨረሩ እየደከመ ስለሚሄድ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ይቀይሩታል።

ሀዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ግቢያችን ውስጥ የሚወርደው ፀሐይ ያ አምፖል ሊመስለው የሚሞክረው ራሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ሙቀት። እስስት የሰውነቷን ሙቀት ራሷ አታመነጭም፤ ከውጭ ትወስዳለች። ለዚህ ነው ጠዋት የምትጠቁረው፤ ጥቁር ነገር ሙቀት ይስባል። ስትሞቅ ታፈካለች፤ ሲበዛባት ወደ ጥላ ትገባለች። ስለዚህ ቤቷ አንድ ወጥ ሙቀት ሊኖረው አይገባም፤ ፀሐይ የሚያገኝ ጫፍና ጥላ የሆነ ጫፍ ያስፈልገዋል፣ ምርጫው የእሷ ነው። ጥላ የሌለው ወንፊት ቤት ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ቢረሳ በአጭር ጊዜ ትሞታለች። ሌሊት ደግሞ ማሞቂያ አያስፈልጋትም፤ እንዲያውም ቀዝቀዝ ማለቱ ይጠቅማታል። የሀዋሳ ቀን 27 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ሌሊቱ ወደ 13 ሲወርድ ያንኑ እያደረገ ነው።

አራተኛ፣ ውሃ። በሣህን የተቀመጠ ውሃ አጠገብ በጥም ልትሞት ትችላለች። የቆመ ውሃን ብዙ ጊዜ እንደ ውሃ አታየውም፤ የምትጠጣው ቅጠል ላይ የሚያብለጨልጭ ጠብታ ነው፣ ጤዛና ዝናብ። ውሃ ማጣቷ ዓይኗ ላይ ይታወቃል፤ የዓይኗ ጉልላት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የእኛዋም ዓይኗ ትንሽ ጎድጉዶ ነበር። ያንን የመጣችበትን ሃይላንድ ወስደን ታችኛውን ጫፍ በመርፌ ወጋነው፣ ውሃ ሞላነው፣ ከቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠልነው። ጠብ… ጠብ… ማለት ሲጀምር መጀመሪያ አንድ ዓይኗን ብቻ አዞረች። ሌላኛው ዓይኗ ልጁ ላይ ነበር። ከዚያ ሁለቱንም አዞረችና አፏን ቅጠሉ ላይ አድርጋ መጠጣት ጀመረች፣ ረጅም ሰዓት። ልጁ ትንፋሹን ይዞ ነው ያየው።

አምስተኛ፣ ምግብ። ሕያው፣ የሚንቀሳቀስ፣ ትንሽ። ልኩ ቀላል ነው፤ ነፍሳቱ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። ለዚህች የምትሆነው ትንኝ፣ ጥቃቅን ዝንብና ገና የተፈለፈለ ፌንጣ ናት። ጨቅላ በየቀኑ መብላት አለባት፣ ያውም ደጋግማ፤ አዋቂ ቀን ዘላ ብትበላም ይበቃታል። ምግቧ ላይ በየጊዜው ካልሲየም ይነሰነሳል፤ ካልተገኘ በደንብ የደረቀና እንደ ዱቄት የላመ የእንቁላል ቅርፊት ይሆናል። ፀረ ተባይ ከተረጨበት ጓሮ የተያዘ ነፍሳት ግን ምግብ አይደለም፤ መርዙ ወደ እሷ ይተላለፋል። ልጁ የበሰበሰ ማንጎ በሰፌድ አስቀምጦ ትንኝ አሰባሰበ። በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ማን ምን እንደሸተተው እናቱን ጠይቋት።

ስድስተኛውን ነገር ልጁ መጻፍ አልፈለገም። ብቸኝነት ነው። እስስት ከእስስት ጋር መኖር አትፈልግም፤ ለመጋባት ካልሆነ በቀር ሌላዋን ማየቷ ራሱ ያስጨንቃታል። ከሰው ጋርማ ጨርሶ። እጅ ላይ ስትወጣ «ተላመደችኝ» የሚሉ ቪዲዮዎች ብዙ ናቸው። ያው እጁ ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ስለሆነ ነው የምትወጣው። ልጁ ጣቱን በዘረጋላት ቁጥር ጎኗ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣ ነበር። እጁን ሲያነሳ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ይጠፋል። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። አራተኛውን አልሞከረም።

ይህ ቀለም ምን እንደሆነ አሁን በደንብ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 በጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የማዳጋስካርን አንድ ዝርያ አጥንተው እንዳሳዩት፣ የቆዳዋ ሕዋሳት ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች ተደርድረዋል። ስትረጋጋ ክሪስታሎቹ ይቀራረባሉ፣ የሚመልሱት ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ እሱ ከቆዳዋ ቢጫ ጋር ሲደባለቅ አረንጓዴ ይሆናል። ስትቆጣ ይራራቃሉ፣ የሚመለሰው ብርሃን ወደ ቢጫና ቀይ ይሄዳል። ማለትም ቀለሙ የተቀመጠችበትን ነገር ለመምሰል የምትለብሰው ልብስ አይደለም። ቀይ ጨርቅ ላይ ብታስቀምጧት ቀይ አትሆንም። ቀለሟ ውስጧ ስላለው ነገር ነው የሚናገረው፣ ሙቀቷ፣ ፍርሃቷ፣ ቁጣዋ። «እስስት» ብለን የምንሰድበው ሰው እንዲህ ግልጽ ቢሆንልን ኖሮ ግማሹ ጭቅጭቃችን ይቀር ነበር።

ደብተሩ ሲሞላ ልጁን «ስንት ብር ይፈጃል?» አልኩት። አምፖሉን ከውጭ፣ ማሽኑን ከውጭ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ሁለቱም ዝም ይላሉ። እሱ ግን ብሩ አልነበረም ያስጨነቀው። «እሺ፣ ሁሉንም ብንገዛላት ትደሰታለች?» አለ። ያየነውን ነው የነገርኩት፤ የምትረጋጋው አንተ ስትርቅ ነው። አኮረፈ። እራቱን አልበላም። የሚወዱት ነገር ሲርቁለት ብቻ ደህና እንደሚሆን መስማት ለ9 ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም፤ 30 ለሞላን ሰዎችም ቀላል አይደለም።

ሕጉም አለ። በአገራችን የዱር እንስሳትን የሚመለከተው አዋጅ የዱር እንስሳ ይዞ ለማቆየት ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል የሆነችበት ሳይቲስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ የእስስት ዝርያዎችን ንግድ በቁጥጥር ሥር አድርጓል። ምክንያት አለው። ከዱር ተይዘው የሚሸጡት እስስቶች በጉዞ ላይ በጥም፣ በጭንቀትና በጥገኛ ትላትል ይጎዳሉ። እዚህ አገር ያሉት ደግሞ ገና ተቆጥረው እንኳ አላለቁም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከባሌ ተራሮች አንድ አዲስ ዝርያ ለሳይንስ ተመዝግቧል። ከዚያ በፊት አጥር ላይ ቢያዩት «ያው እስስት ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነበር።

ስለዚህ የወሰንነው መሃል መንገድ ነው። ዓይኗ እስኪሞላ ድረስ በትንኝ ወንፊትና በጣውላ በሠራናት ቤት፣ በረንዳ ላይ፣ ግማሹ ጥላ ግማሹ ፀሐይ በሆነ ቦታ ትቆይ፤ ከዚያ ትሂድ። አራት ቀን ቆየች። ጠዋት ጠዋት ጠቁራ ትወጣለች፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ አረንጓዴ ትሆናለች። በአራተኛው ቀን ምላሷ አንድ ዝንብ ላይ ተወርውሮ ሲመለስ ልጁ ብቻውን አጨበጨበ።

የት ትሂድ የሚለው ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አንድ ታሪክ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1972 የኬንያ እስስቶች ወደ ሃዋይ ለሽያጭ ተላኩ። ተጎሳቁለው ስለደረሱ የቤት እንስሳት ነጋዴው እንዲያገግሙ ብሎ ግቢው ውስጥ ለቀቃቸው። አገገሙ። ከግቢው ወጡ። ተባዙ። ዛሬ በበርካታ የሃዋይ ደሴቶች የአገሩን ነፍሳትና ቀንድ አውጣ የሚበሉ ወራሪ ሆነዋል። ነጋዴው ለእስስት የሚሻላት ቤት ግቢ መሆኑን አውቋል፤ ግቢው ግን የእሷ አገር አልነበረም። ስለዚህ «ወደ ሐይቁ ወስደን ፍቅር ሐይቅ ዳር እንልቀቃት» የሚለው የልጁ ሐሳብ ቀረ። ከተገኘችበት በተቻለ መጠን ሳትርቅ መሆን አለበት።

መስፈርቱ ደብተሩ ላይ ነበር፤ ያንኑ ይዘን ሰፈሩን ዞርን። ቀጫጭን ቅርንጫፍ፣ ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ጥላ፣ ነፍሳት፣ ኬሚካል የማይረጭበት፣ ድመት የማይበዛበት። ብሎኬት ግንብ አይሆንም፣ ቆርቆሮ አይሆንም። ከስድስት ቤት በኋላ አንድ ግቢ ተገኘ፤ የቡና ዛፍ፣ እንሰት፣ ቡገንቪሊያ እርስ በርሱ የተቆላለፈበት አሮጌ አጥር። የግቢው ባለቤት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ያቺ «መርዝ ናት» ያሉት እናት። ልጁ ደብተሩን ይዞ ገባና መርዝ እንደሌላት፣ ትንኝና ዝንብ እንደምትበላላቸው አስረዳቸው። «እኔ እንዳላያት ብቻ» አሉ። እሷም የምትፈልገው ያንኑ ነው።

በእርግጥ ይህ ለሀዋሳ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አባ ኮዳዎቹ ከሰው መሃል ቆመው የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፤ ሐይቁ ዳር ዛፍ ላይ ጉሬዛ ይዘላል፣ ጦጣው ከጠረጴዛ ላይ ዳቦ ይሰርቃል። ማንም «የኔ ጉሬዛ» አይልም። አብሮ መኖርና የግል ማድረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይህች ከተማ ታውቃለች።

ልጁ ግን የራሱን ዘዴ አገኘ። እስስት ስትተኛ ትነጣለች ብዬ ነበር፤ የምትተኛው ደግሞ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው፣ እባብ ሲጠጋ ቅርንጫፉ ተወዛውዞ እንዲቀሰቅሳት። በጨለማ በባትሪ ሲያበሩባት ከቅጠሉ መሃል ነጭ ሆና ትታያለች። ተመራማሪዎችም የሚቆጥሯቸው እንዲሁ ሌሊት ነው። እና አሁን ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከእኔ ጋር የስልክ መብራት ይዞ አጥር ለአጥር ይዞራል። ሳይነካ፣ መብራቱን ሳያቆይ፣ ቁጥርና ቦታ ይጽፋል። በመጀመሪያው ማታ ሦስት አገኘን። የእሱ የትኛዋ እንደሆነች አላወቀም፤ ሦስቱንም ጻፋቸው።

ሰፈራችን ውስጥ በየወሩ አንድ ሁለት አጥር ብሎኬት ይሆናል። ሌባ አለ፣ ቁጥቋጦ መከርከም ገንዘብ ነው፤ ግንብ የሚሠራን ሰው አልኮንንም። ግን አጥራችሁን ልታስቆርጡ ከሆነ አንድ ነገር አድርጉ። ከሠራተኞቹ መምጣት በፊት ባለው ማታ፣ ጨለም ካለ በኋላ፣ በባትሪ አንዴ ዙሩት። ነጭ ነገር ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተጠቅልላ ካያችሁ በእጅ አትንቀሏት፤ ከነቅርንጫፉ ቆርጣችሁ ጎረቤት ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ አስገቧት። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ጠዋት ስትነቃ ትጠቁራለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ከዚያ አረንጓዴ ትሆናለች፤ ያኔ ደህና መሆኗን ከቀለሟ ታውቃላችሁ።